ቆቡን በእርጥቡ የዘጋሁ ዕለት

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈራችን የውኃ ፈረቃ ስለነበር፣ ገርጂ ያለው የኮንዶሚኒየማችን ግቢ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮበት ነበር። እኔም ወንበሬን አውጥቼ ደረጃው ሥር ፀሐይ እየሞቅኩ ተራዬን እጠብቃለሁ። ከእኔ በላይ የምትኖረው ቤዛ፣ ቦሌ አንድ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ሰማያዊ ሳፋ ታቅፋ ወረደች። ሳፋው ውስጥ ጥቁር የጎማ ቱቦዎች ተጠምጥመዋል። ፀሐይ ያገኘው ጎማ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ እጄ ሳላዝዘው ቀሚሴ ላይ ተጠረገ፤ ድሮ ቱታዬ ላይ እንደምጠርገው። ቤዛ ቧንቧውን ከፈተችና ቱቦውን ከነብረት ራሱ ሳፋው ውስጥ ልትነክረው ስትል አየኋት። የራሱ መክደኛ፣ ያቺ ትንሽ ክብ ቆብ፣ በክሯ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች።

«ቤዛ፣ ቁሚ! ቆቡን ሳትዘጊ ውኃ አታስነኪው» አልኳት።

እጇ በአየር ላይ ቀረ። ግቢ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቤዛ ቆቧን አየች፣ እኔን አየች። «እማማ ጽጌ፣ እርስዎ ይሄን ከየት ያውቁታል?» አለችኝ። ከጓደኞቿ ጋር ጅቡቲ ሄዳ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ተምራ ኖሯል፤ አሁን የራሷን መተንፈሻ ገዝታ ለሁለተኛ ጊዜ ልትሄድ ነው። ዕቃውን ታጥቢዋለሽ ተብላለች፤ እንዴት እንደሚታጠብ ግን ማንም በወጉ አላሳያትም። ወንበሬ አጠገብ አስቀምጫት ነገርኳት። ይሄ ብረት የአየር ሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚገጠመው ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር እንዳለ ቢለቀቅ ሳንባ ይበጥሳል፤ ኃይሉን የሚቀንሰው ይሄ ነው። አየር የሚገባበት በር ይሄ ክፍት ቦታ ነው፤ በዚህ በር ከደረቅ አየር በቀር ምንም መግባት የለበትም፤ የውኃ ጠብታም፣ የአሸዋ ቅንጣትም። ስለዚህ መጀመሪያ ቆቡን ታደርቂያለሽ፤ ከዚያ ትዘጊያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ነው ውኃ። ሲታጠብም አፍ ውስጥ በሚገባው በኩል ያለውን ቁልፍ አትጫኚም፤ ከተጫንሽው ለውኃው በወዲያ በኩል መንገድ ከፍተሽለታል። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ከየት እንዳወቅኩት ለጠየቀችኝ ግን ያን ጊዜ ቶሎ አልመለስኩላትም።

እኔ በወጣትነቴ የምሠራው አንድ የውኃ ሥራ መሥሪያ ቤት ወርክሾፕ ውስጥ ነበር። ወርክሾፑ የነበረው ዛሬ ሃያ ሁለት የምንለው አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በባሕር ዛፍ አጥር የተከበበ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። አሁን ቦታው ላይ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሆቴል ቆሟል፤ ሥሩ ያለው ካፌ አንድ ማኪያቶ የሚሸጥበት ዋጋ ያን ጊዜ ጫማ ይገዛ ነበር። እኛ ሻይ የምንጠጣው ጥግ ላይ ካለች የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ አንድ ብርጭቆ በአሥር ሳንቲም፤ ቅርንፉድ ከተጨመረበት በአሥራ አምስት። ከዚያ ፊት ለፊት አንድ ሙዚቃ ቤት ነበረ። ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ ካሴት ያጫውታል፤ ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ነው፤ እኛም ብሎን እያጠበቅን ሳንወድ በግድ እንሸመድደዋለን። ገርጂ ያን ጊዜ የጤፍ ማሳ ነበር። ሲኤምሲ የሚባለውም ሜዳ ነው፤ ክረምት ላይ ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ከመገናኛ ወዲያ ለመሄድ ውይይት ታክሲ ላይ ፊት ለፊት ጉልበት ለጉልበት ገጥመን እንቀመጣለን፤ አቧራው ከኋላ ይገባና ከመውረዳችን በፊት ሁላችንም አንድ ዓይነት መልክ ይኖረናል።

ወንዶቹ ቤል ቦተም ሱሪ የሚጎትቱበት፣ ሴቶቹ ኮንጎ ጫማ የምንጫማበት ዘመን ነው። ወርክሾፑ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ካኪ ቱታ ሰጡኝ፤ እጅጌው ረዝሞብኝ ሁለት ጊዜ አጠፍኩት። አንድ ቡልጋሪያዊ ባለሙያ መጥቶ የጠላቂዎቹን መተንፈሻ አፈታትና አገጣጠም ሲያስተምር፣ ጣቷ ቀጭን ናት ብለው እኔን መደቡኝ። ሰውየው ያለችው አማርኛ ጥቂት ናት፤ «ቆብ መጀመሪያ፣ ውኃ ኋላ» የምትለዋን ግን በቀን አሥር ጊዜ ይላታል። ሁለት ጠላቂዎች ነበሩን፤ ታደሰና ሐጎስ። ታደሰ ዝምተኛ የሐይቅ ልጅ ነው። ሐጎስ ትግራይ ተወልዶ ምፅዋ ያደገ፣ መዋኘትንም መጥለቅንም ከባሕሩ የተማረ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ነገር የሚያውቅ ሰው ነበር። «ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ቆቡን ያወልቃል፤ የጽጌ ብረት ግን ውኃ ሲገባ ቆቡን ያጠልቃል» እያለ ያስቀናል። ከእኔ በአራት ዓመት ቢበልጠኝም አንተ እና አንቺ ነበር የምንባባለው።

ሥራቸው ከከተማው በስተምሥራቅ ያለ ግድብ ውስጥ ገብቶ የውኃውን መውጫ ማጽዳት ነው። ጎርፍ ግንድና ሽቦ እያመጣ የመውጫው የብረት ፍርግርግ ላይ ይለጥፋል፤ እነሱ ታች ወርደው በእጃቸው ይነቅላሉ። ውኃው እንደ ባሕር ጥርት ያለ እንዳይመስላችሁ። ክረምት ሲቃረብ የሻይ ቀለም ይይዛል፤ ጠላቂው እጁን ዓይኑ ሥር ካላመጣ አያየውም። ያ ደለል እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ልብስ ውስጥ ይገባል፤ ጥፍር ሥር ይገባል። ስለዚህ ከሥራ ሲመለሱ መሣሪያውን ወዲያው ማጠብ የእኔ ድርሻ ነበር። ቆቡን በጨርቅ አደርቃለሁ፣ እዘጋለሁ፣ በርሜል ውስጥ እነክራለሁ፣ ጥላ ውስጥ እሰቅላለሁ። ሲደርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሼበት «ተፈትሿል» የሚል ካርድ ላይ ፈርሜ አንጠለጥልበታለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ያለ አንድ እንከን ሠርቻለሁ።

ያን ቀን ግን ቸኮልኩ። የእህቴ ሠርግ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ልብሴ ሃያ ሁለት አደባባዩ አጠገብ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው፤ ሰማያዊ ሳቲን፣ እጅጌው ነፋ ያለ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ። ሰፊው ለልኬት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካልመጣሽ አልደርስልሽም ብሎኛል። ጠላቂዎቹ የተመለሱት ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። የታደሰን አጠብኩ። የሐጎስን ሳነሳ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ጋር ነበር። ከእጄ ሾልኮ በርሜሉ ውስጥ ገባ። ቆቡ ክፍት ነበር። በርሜሉ ቀኑን ሙሉ ሌላ ዕቃ ሲታጠብበት ስለዋለ ሥሩ ጭቃ ዘቅጦበታል፤ ብረቱ ቁልቁል ሄዶ እዚያው ላይ አረፈ። ፈልጌ አወጣሁት። በአፌ እፍ አልኩበት፣ በጨርቅ ጠረግኩት፣ ቆቡን በእርጥቡ ዘጋሁና ሰቀልኩት። ሊደረግ የሚገባውን አውቃለሁ፤ ራሱ ተፈትቶ በአየር መግቢያው ላይ ያለው ትንሽ ወንፊት መታጠብ ነበረበት። ነገ አደርገዋለሁ ብዬ ሮጥኩ። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። ከዚያ ሠርጉ መጣ። ከሠርጉ ስመለስ መሣሪያው ደርቆ እንደ ሌሎቹ ተሰቅሏል። ተነፈስኩበት፤ አየሩ ያለ ምንም ችግር ይመጣል። ካርዱ ላይ ፈረምኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፍርግርጉ ተዘጋና የከተማው ምሥራቅ ክፍል ውኃ አጣ። በአራተኛው ቀን ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በቦቴ ነው የሚቀዱት እየተባለ አለቃችን አቶ መኮንን ከላይ ስልክ ይጮህባቸዋል። ሁላችንም ወደ ግድቡ ሄድን። እኔ መለዋወጫ ይዤ ከታደሰ ጋር ጀልባው ላይ ነበርኩ። ሐጎስ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ገባ። ጥልቀቱ ወደ አሥራ ስምንት ሜትር ነው። ሩብ ሰዓት ያህል የአየሩ አረፋ በየተራ ይወጣ ነበር። ከዚያ ተሳሳ። ከዚያ ገመዱ ሦስት ጊዜ ተሳበ፤ ሳቡኝ ማለት ነው። ታደሰ ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተ፤ እኔም ገመዱን ይዤ አገዝኩት። ሐጎስ ሲወጣ መተንፈሻው ከአፉ ወጥቷል፤ ከጥልቀት በአንዴ በመሳቡ ከአፍንጫውና ከግራ ጆሮው ደም ይወርዳል። ጀልባው ላይ ስናስተኛው የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አየሩ ጠበበኝ።»

ወንፊቱ ሲደፈን እንዲህ ነው። ላይ ሆነህ ስትተነፍስ ምንም አታውቅም፤ የምትፈልገው አየር ትንሽ ነዋ። ታች ወርደህ ግንድ ስትጎትት ግን እያንዳንዱ ትንፋሽ ብዙ አየር ይፈልጋል፤ በተደፈነ በር ደግሞ ያን ያህል አያልፍም። የአየር ግፊት መለኪያው መርፌ በተነፈስክ ቁጥር ይወድቃል፣ ይነሣል። ይህን ያኔም አውቅ ነበር።

ሐጎስን ሆስፒታል ካስገቡት በኋላ አቶ መኮንን ሲሊንደሩን አስለኩ። ከግማሽ በላይ አየር አለው። ካርዱ ተፈርሟል። «ሰውየው ደንግጦ ነው» አሉ። በማግሥቱ ወርክሾፑ ውስጥ ይኸው ወሬ ነበር፤ ደክሟል፣ ፈርቷል፣ ከእንግዲህ ለጠላቂነት አይሆንም። ታደሰ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ገመዱን ይጠቀልላል። እኔ የመሣሪያውን ራስ ይዤ ጥግ ወዳለችው ጠረጴዛዬ ሄድኩና ፈታሁት። የነሐሷ ወንፊት ፊቷ አረንጓዴ ሆኗል፤ ከአረንጓዴው ሥር ደለሉ እንደ ልስን ደርቆባታል። አጠገቤ ሰው አልነበረም። መደርደሪያው ላይ ወንፊት የምናጸዳበት የኮምጣጤ ጠርሙስ አለ። ብነክራት በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ አዲስ ታበራለች፤ ማንም አያውቅም። ጠርሙሱን አውርጄ ክዳኑን ከፍቼ ነበር፤ ይህን ልሸሽግ አልፈልግም። የኮምጣጤው ሽታ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ውጭ ያ ሙዚቃ ቤት የሳምንቱን ዘፈን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ያዘፍናል። ሐጎስ አልጋ ላይ ተኝቶ ፈሪ ሲባል ታየኝ። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁና ወንፊቷን የሻይ ሰሐን ላይ አድርጌ አቶ መኮንን ቢሮ ገባሁ።

«ሐጎስ አልፈራም። ቆቡን በእርጥቡ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሳልፈታውም ፈርሜያለሁ» አልኳቸው።

ሰሐኑን ለረጅም ጊዜ አዩት። ተቀመጪ አላሉኝም። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ቃሌን ሰጠሁ፣ የሐጎስንም ቃል ሆስፒታል ድረስ ሄደው ተቀበሉት። መሣሪያውን ሲገጥም ያየው ነገር እንደነበር ቢጠይቁት ምንም አላየሁም ብሎ ፈረመ። እኔ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ፋይል አነሣሁ፣ ፋይል አስቀመጥኩ፤ በኋላ ሌላ ቢሮ ቢሰጡኝም ወርክሾፑ አልመለሱኝም። ቱታዬን አስረከብኩ። ሐጎስ ግራ ጆሮው ጨርሶ ደነቆረ፤ ጥልቅ ውኃ ዳግመኛ አልገባም፤ አዳዲስ ጠላቂዎች አስተማሪ ሆነ። መተላለፊያው ላይ ስንገናኝ «ደህና ነሽ ጽጌ» ይለኛል፤ «ደህና፣ አንተስ» እለዋለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ሥራ የያዝን እንመስላለን። ቀልዱን አልሰማሁትም ከዚያ በኋላ። አልማረኝም ብዬ ነበር የማስበው። ምን መብት አለኝ እያልኩ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ጡረታ ስወጣ የስንብት ሻይ ላይ መጥቶ ጨብጦኝ ሄደ።

ይህንን ሁሉ ለቤዛ የነገርኳት በሌላ ቀን ነው፤ ቤቴ መጥታ ስትጨቀጭቀኝ። ስጨርስ «አሁን የት ነው ያሉት?» አለችኝ። ሲኤምሲ ልጁ ቤት እንደሚኖር ሰምቻለሁ አልኳት። «እንሂዳ» አለች፣ ሱቅ የመሄድ ያህል አቅልላው። እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት ያልሄድኩትን መንገድ በመኪናዋ በሃያ ደቂቃ አደረሰችኝ።

የድሮው ሜዳ ላይ ቪላዎቹ ተሰልፈዋል። ሐጎስ ግቢው ውስጥ ወይን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ደረቱ ጠቧል፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ሊነሣ ሲሞክር ይዤ አስቀመጥኩት። በደኅነኛው ጆሮው በኩል አዞረን። ቤዛ ስለ ጅቡቲ ስታወራው ፊቱ በራ፤ ኮራሉን፣ ዓሣውን ጠየቃት። ልጅቷ ደግሞ አፏ አያርፍም፤ ቆቡን ያሳዩኝ እማማ ጽጌ ናቸው፣ ታሪኩንም ነግረውኛል አለችው። ሐጎስ ጋዜጣውን አጠፈ። እንደገና አጠፈ።

«ጽጌ፣ እኔ አይቼው ነበር» አለኝ።

ምኑን አልኩት።

«ወንፊቱን። የዚያን ቀን ቆቡን ሳወልቅ አረንጓዴ ሆኖ አየሁት። ጠላቂ ያንን አይቶ አይገባም። እኔ ገባሁ።»

ቀስ እያለ ነገረኝ። ለኮሚቴው አላየሁም ያለው፣ አይቶ ገባ ቢሉት ጥፋቱ የራሱ ይሆንና ከነደነቆረ ጆሮው ከሥራ እንዳያስወጡት ፈርቶ ነው። ልጆቹ ትንንሽ ነበሩ። እኔ ወደ መዝገብ ቤት መውረዴን ሲሰማ ሊናገር አስቦ ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲል ዓመቱ አለቀ፤ ከዚያ ሁለተኛው ዓመት። መተላለፊያው ላይ ዓይኔን የሚሸሸው ለዚህ ነበር።

ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ይሆናል፤ ሸክሜ ይቀላል ብዬ። የመጣብኝ ንዴት ነው። ያ መስኮት የሌለው ክፍል ታየኝ። ቤዛን እንሂድ አልኳት። ደህና ዋል እንኳ በቅጡ አላልኩትም። በመስኮት ሕንፃ ስቆጥር ገርጂ ደረስን።

አምስት ቀን ተናድጄ ሰነበትኩ። ወጥ አሳረርኩ፤ የደረጃ ጎረቤቴን ያለ ጥፋቷ ተቆጣሁ። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር አሰብኩ። እኔ ሰሐኑን ይዤ የገባሁት ልጅ ስላልነበረኝ ነው፤ የሚጠብቀኝ አፍ ስላልነበረ። ቢኖረኝ ኖሮ ያን የኮምጣጤ ጠርሙስ እዘጋው ነበር ወይ? እውነቱን ለመናገር አላውቅም። ስልክ አነሣሁ። ልጁ አንሥቶ ወደ ቀኝ ጆሮው አስጠጋለት።

«ሐጎስ፣ ቅዳሜ ቤዛና ጓደኞቿ ዕቃቸውን ይዘው እኔ ግቢ ይመጣሉ፤ አጠባውን አሳያቸዋለሁ። ና። ያየኸውን ግን አንተው ትነግራቸዋለህ።»

«እመጣለሁ» አለ።

መጣም። ቡናማ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ልጁ ክንዱን ይዞ ከመኪና አወረደው። አራት ወጣቶች ናቸው፤ ሳፋቸውን ከፊታቸው አድርገው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። መጀመሪያ እኔ የበርሜሉን ነገር ነገርኳቸው፤ ስለ ሳቲን ቀሚሴም ጭምር። ቀጥሎ ሐጎስ ቆሞ ያየውን ተናገረ። ምንም አላስጌጠም፤ ፍርድ ቤት የቀረበ ነበር የሚመስለው። ሲጨርስ ከልጆቹ አንዱ፣ መነጽር ያደረገው፣ «ታዲያ አባባ፣ እያዩት ለምን ገቡ?» አለው።

ሐጎስ ቀኝ ጆሮውን ወደ ልጁ አዘንብሎ ጥያቄውን አስደገመው። ከዚያ እኔን እያየ መለሰለት።

«ከተማው ውኃ አጥቶ ነበር፤ አለቃዬ ተቆጥተው ነበር። ተመልሼ ይቀየርልኝ ብል ፈራ ይሉኛል ብዬ ሰጋሁ። ደግሞ ካርዱ ላይ የጽጌ ፊርማ ነበረ። የእሷን ፊርማ ከዓይኔ አስበልጬ አመንኩት።»